ድሬዳዋ ለገባ ደገኛ፦ ሙቀቱን ለምዶ ደጅ መዋል

ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በሥራ ዝውውርም ሆነ በትዳር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ከወዳጆቹ የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ማራገቢያ ግዛ፣ መስኮትህን ጋርድ፣ ፀሐይ ሽሽ ይሉታል። ምክሩ ከቀና ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ሙሉ በሙሉ የተከተለው ሰው የከተማዋን ትልቅ ጸጋ ሳያውቀው ይቀራል። ድሬዳዋ ኑሮዋ ደጅ የሆነ ከተማ ናት፤ ጎረቤት የሚጫወተው በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ልጅ የሚያድገው ጥላ ሥር ሲሯሯጥ ነው። አዲስ ገቢው በቅድሚያ መቀየር ያለበት ከቤት የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ግን ሰውነትን ማስለመድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የዝውውሩ ልዩነት በአንድ ሌሊት የሚቻል አይደለም። ጤነኛ ሰው ሙቀትን በአብዛኛው የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ላብ ቀደም ብሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ በእንቅስቃሴ ወቅት ይፈጥን የነበረው የልብ ምትም ይረጋጋል። ይህ ለውጥ የሚመጣው ግን ሰውነት ሙቀቱን በልኩ ሲያገኘው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማራገቢያ ሥር የተቀመጠ ሰው ከወር በኋላም እንግዳ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ለሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ፤ ሩጫና ከባድ ሥራን ግን ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት። ለጥቂት ሳምንታት ወደ ደጋ ሄደው ከተመለሱ የለመዱት ስለሚቀንስ እንደገና በዝግታ ይጀምሩ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ከተማዋ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ ከአዲስ አበባ ይልቅ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣባታለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከአልጋው የሚነሣ ሰው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ለእግር ጉዞ፣ ለገበያና ለስፖርት የሚሆን ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ከዚራን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረው ይህ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶችና በግራና በቀኝ የተተከሉ ዛፎች አሉት፤ ከለገሃር ተነሥተው ጥላውን እየተከተሉ ቢዞሩ ረጅሙን መንገድ ፀሐይ ሳያገኝዎት ይጨርሱታል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ መሄድ ለሚፈልግም ጠዋት ይሻላል፤ አትክልቱና ፍራፍሬው ትኩስ ነው፣ ግፊያውም ገና አልበረታም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የዕረፍት ነው። ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል፤ ደገኛ ይህን እንደ ስንፍና ቢያየው ፍርዱ የተሳሳተ ነው፤ የሀገሬው ሰው በረጅም ልምድ ያገኘው ብልሃት ነውና። በዚህ ሰዓት ምሳዎን ቀለል አድርገው በልተው ጋደም ይበሉ፤ የቀን እንቅልፉ ለማታው ጨዋታ ጉልበት ይሆናል። በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት እየቃሙ በሚጫወቱበት ስብስብ የመቀመጥ ግብዣ ማግኘትዎም አይቀርም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍንም ይነሣል፤ ሰውነታቸው ገና ሙቀቱን ላልለመደና በተለይም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች እንዲቀርባቸው እመክራለሁ። ጨዋታውን ሻይ ወይም ውኃ ይዞ መካፈል ይቻላል፤ ማንም አይከፋም።

ከ11 ሰዓት በኋላ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች። ጎረቤት በር ላይ ሲቀመጥ እርስዎም ወንበርዎን ያውጡ፤ የመጀመሪያው ሰላምታ ከእርስዎ ቢመጣ መልካም ነው። በረመዳን ይህ የምሽት ኑሮ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በኋላ ስለሚዘልቅ፣ ከተማዋን ለመላመድ እንደዚያ ያለ ወር አይገኝም።

በልብስ በኩል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለና ከጥጥ የተሠራ ልብስ ይበቃል፤ ወንዶች ቤትና ሰፈር ውስጥ ሽርጥ፣ ሴቶች ደግሞ ድሪያ የተባለውን ሰፊ ቀሚስ የሚለብሱት ነፋስ ስለሚያስገባ ነው፤ አዲስ ገቢም ቢለብሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ውኃን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የድሬዳዋ አየር በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ላብ ሳይታይ ቆዳ ላይ ይተናል፤ ሰውየው ያላበው አይመስለውም፣ ውኃ ግን እያጣ ነው። ጥምን ሳይጠብቁ ይጠጡ፤ የሽንትዎ ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፣ ከጠቆረ ግን ይጨምሩ። ምግብ በአግባቡ የሚበላ ሰው ጨው ከምግቡ ያገኛል። ሰው በሙቀት መካከል ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸውና ከደከመው ጥላ ሥር አሳርፈው ውኃ ያጠጡት፤ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ሰውነቱን በውኃ እያራሱና እያራገቡ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ያድርሱት፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው።

ደቻቱን ለብቻው ማንሣት ግድ ይለኛል። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ያቋርጥበታል፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ የሚመጣው ግን በስተደቡብ ካሉት ተራሮች ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይጥል ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በበልግና ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ወቅት ተራራው ላይ ደመና ከታየ አሸዋው ላይ አይቀመጡ፣ ልጆችዎንም አይልቀቁ፤ መሻገርም በድልድይ ይሁን።

ጊዜውን ደጅ የሚያሳልፍ ሰው ትንኝንም ማሰብ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ በከተማዋ ተከስተዋል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ደግሞ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በመሆኑም ትልቁ መከላከያ በእጅዎ ነው፦ ሮቶውንና በርሜሉን በደንብ ይክደኑ፣ ጀሪካኑን ይዝጉ፣ ውኃ የሚይዝ አሮጌ ጎማ ከግቢ ያስወግዱ። ሙቀቱ በሚከፋባቸው በግንቦትና በሰኔ ሌሊቶች ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተው የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ አጎበር ሳይሰቀል ግን አይሞከርም።

ግቢ ያለው ሰው ጥላውን ራሱ ቢያበቅል ይመረጣል። ኒም ድርቁን ይችላል፤ በየአካባቢው የድሬዳዋ ዛፍ እየተባለ የሚጠራው ቀይ አበባ ያለው ዛፍም ሰፊ ጥላ ይጥላል። ፓፓያ ግን ትዕግሥት ለሌለው ሰው ነው፤ ውኃ ካገኘ በአንድ ዓመት ገደማ ያፈራል። ችግኙን ከግቢው በስተምዕራብ በኩል ቢተክሉት የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ከግድግዳዎ ላይ ይከለክልልዎታል።

ረጅም የእግር ጉዞና ሽርሽር ለሚወድ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ እጅግ ምቹ ነው። በሌላው ወቅት ሙቀቱ ሲሰለች ደግሞ ደጋው ቅርብ ነው፤ በደንገጎ ዳገት ወጥተው፣ ደርቆ ቆይቶ ውኃው የተመለሰለትን የሐረማያን ሐይቅ አይተው፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሐረር በጠዋት ተነሥተው መድረስና በዚያው ቀን መመለስ ይችላሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ከድሬዳዋ በእግር የሚጓዙ ምእመናንም ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ለመሄድ ካሰቡ ቀድመው ለሳምንታት በእግር ተለማመዱ፣ የለመዱትን ጫማ ያድርጉ፣ ጋቢም ይያዙ፤ ቆላን የለመደ ሰውነት የቁልቢን ሌሊት ብርድ አይችለውም።