ውሻው ደረቅ ምግቡን አሽትቶ ትቶት ሲሄድ፦ ድሬዳዋ ላይ የሠራው መፍትሄ

የውሻው ሰገራም ቀጥኖ ነበር። ጥፋቱ ከምግቡ ዓይነት ሳይሆን ከአያያዙ ነው፤ ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ ተመዝኖ የተገዛ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት አየር የገባው ቅባት ቶሎ ይበላሻል። ምግቡ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ አይግዙት።

ያልተከፈተ፣ በአንድ ወር የሚያልቅ ከረጢት ተገዛ። መለያው ላይ ለአዋቂ ውሻ ፕሮቲን ቢያንስ 18፣ ስብ 5.5 ከመቶ ገደማ ይፈለጋል፤ ለቡችላ 22.5 እና 8.5 ገደማ። ዋጋውን በኪሎ ብቻ አያወዳድሩ፤ ከረጢቱ ለሚበቃበት ቀን ብዛት ያካፍሉት። ርካሹ ብዙ ጊዜ በብዛት ስለሚሰጥ ውድ ይሆናል።

አሮጌው ምግብ ካልተበላሸ ቅያሬው 7 ቀን ይፈጃል፦ 2 ቀን ሩቡ አዲስ፣ 2 ቀን ግማሹ፣ 2 ቀን ሦስት አራተኛው፣ ከዚያ ሙሉው። በአንዴ መቀየር ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ምግቡ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ግለት ርቆ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ።