ፓድ ሲነቀል፣ ትራክ ሲቆረጥ፦ ቦርዱን ሳትጥሉ በጃምፐር ማዳን

ፓድ (የእቃው እግር ሚበየድባት የመዳብ ቦታ) ተነቀለ ብሎ ደህና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መጣል በጣም ያናድደኛል። ፓዱ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ሶልደሩ ሚያርፍባት ትንሽ ቦታ ብቻ ናት፣ ሌላው ሰርኪት እንዳለ ነው፣ ስለዚ መስመሩ፣ ማለትም ትራኩ (ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መንገድ)፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ካወቃችሁ በቀጭን ሽቦ መልሳችሁ ታገናኙታላችሁ በቃ። ሲያልቅ ላያምር ይችላል፣ አያሳስባችሁ፣ ማያምር ጥገና ስንት አመት ሲሰራ ይታያል። ጃምፐርን፣ ማለትም ይሄን ማገናኛ ሽቦ፣ ሚገድለው መነቃነቅ ነው። ሽቦውን የያዘው ሶልደሩ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን ይላቀቃል ወይ ፓዱን ይዞት ይነሳል፣ ስለዚ ሁሌም ሌላ ሚይዘው ነገር ይኑረው።

ከመጀመራችሁ በፊት ፓወሩን ንቀሉ፣ ባትሪ ካለው አውጡ። የፓወር ሰፕላይ ቦርድ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ መልቲሜትራችሁን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ለኩት፣ ካለበት ጥቂት ኪሎ ኦም በሆነ ወፈር ያለ ሬዚስተር አራግፉት፣ እጃችሁ ግን ብረቱን እንዳይነካ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማስጮህ ሚባለውን ነገር እርሱት።

ፓድ ለምን እንደሚነቀል ማወቅ ሁለተኛውን ፓድ ያተርፍላችኋል። መዳቡ በጣም ስስ ነው፣ ብዙ ቦርድ ላይ 35 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፣ ፋይበር ግላሱ ላይ የተያዘው በኢፖክሲ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ኢፖክሲው ይለሰልሳል፣ እዛ ላይ በአይረኑ (በመበየጃው) ጫፍ ስትጫኑት ወይ ሶልደሩ በደንብ ሳይቀልጥ እቃውን ስትጎትቱት ይነሳል። ስለዚ አትጎትቱ። ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ ሚረዳ ቅባት) ቀቡ፣ አሮጌው ሶልደር ላይ ሊድ (እርሳስ) ያለው አዲስ ሶልደር ጨምሩበት፣ ምክንያቱም 63/37 ሚባለው በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ ሊድ የሌለው ግን 217 አካባቢ ይፈልጋል፣ ሲቀላቀሉ ስራው ይቀልላችኋል። አይረኑን 330 እስከ 350 ላይ አድርጉና ነካ አድርጋችሁ አንሱ። ግራውንድ ላይ ያለ ፓድ (ከሰፊ መዳብ ጋር የተያያዘው) ሙቀቱን ስለሚበላ እምቢ ይላችኋል፣ እዛ ጋር በመጫን ፈንታ ቦርዱን ከስር በሆት ኤር ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት።

አሁን መስመሩን ፈልጉ። ባለ ሁለት ገጽ ቦርድ ከሆነ ከጀርባው መብራት ስታበሩበት ትራኩ ይታያል። ካልታየ መልቲሜትሩን ቢፕ ላይ (ሁለቱ ጫፎች በመስመር ሲገናኙ ሚጮኸው ላይ) አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከተነቀለው ፓድ በተረፈችው ትራክ ላይ፣ ሌላውን በአካባቢው ባሉ ካፓሲተሮች፣ ሬዚስተሮች፣ ቴስት ፖይንቶች ላይ አዙሩት። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ትራኩን መፋቅ ይጀምራል፣ እኔ ግን መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ በተዘጋጀ ፓድ ሚወጣ ከሆነ ሽቦውን 1 ሳንቲም አርዝሜ እዛ ብበይደው እመርጣለሁ፣ ከተፋቀ ትራክ ይልቅ ፓድ ላይ የተበየደ ሽቦ ጠንካራ ነው።

መፋቅ ግድ ከሆነ በአዲስ ምላጭ ጫፍ፣ ምላጩን ጋደም አድርጋችሁ፣ በትራኩ ርዝመት አቅጣጫ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ብቻ። አቋርጣችሁ ከፋቃችሁ ትራኩን ትቆርጡታላችሁ። ትራኩን የሸፈነው ቀለም እንደ ዱቄት እየተነሳ ሄዶ መዳቡ ማብረቅ ሲጀምር አቁሙ፣ ጠብታ ፍላክስ፣ ከዛ በጣም ትንሽ ሶልደር። ትራኩ ከዳር እስከ ዳር ብርማ ከሆነ ተይዟል፣ ሶልደሩ ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ገና ቀለም አለበት ማለት ነው።

ሽቦው ምን ይሁን? ለሲግናል ከድሮ ትራንስፎርመር ወይ ከትንሽ ሞተር ሚፈታው ቫርኒሽ የተቀባ 0.1 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አሪፍ ነው፣ ቫርኒሹ ራሱ ከሾርት ይከላከላል። ጫፉን አይረኑ ላይ ባለ የሶልደር ጠብታ ውስጥ ይዛችሁ ብታቆዩት ብዙውን ጊዜ ቫርኒሹ ይቃጠልና ሶልደር ይይዛል፣ እምቢ ካለ በምላጭ ፋቁት። ለፓወር መስመር ግን ይሄን ሽቦ እንዳትጠቀሙ፣ 1 ሜትሩ ከ2 ኦም በላይ አለው፣ ይሞቃል ቮልቴጅም ይጥላል። ቻርጅ ሚያልፍበት ምናምን ከሆነ ተቆርጦ የተጣለ የሬዚስተር እግር ወይ ወፍራም ሽቦ ተጠቀሙ።

አበያየዱ እንደዚ ነው፦ የሽቦውን ጫፍ መጀመሪያ ሶልደር አስይዙት፣ ትራኩ ላይ ተኝቶ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ በትዊዘር ያዙት፣ አይረኑን ነካ፣ ትዊዘሩን ግን ሶልደሩ እስኪደርቅ እንዳታንቀሳቅሱ። አንዱ ጫፍ ከተያዘ በኋላ ሽቦውን ቦርዱ ላይ አስተኝታችሁ መሃሉን በካፕቶን ቴፕ ወይ በዩቪ መብራት ሚደርቅ ማስክ (የቦርድ መሸፈኛ ቀለም) ያዙት፣ ከዛ ነው ሌላው ጫፍ ሚበየደው። ትንሽ ላላ ይበል፣ እንደ ክራር አውታር የተወጠረ ሽቦ ቦርዱ ሲሞቅና ሲተጣጠፍ ይበጠሳል። ሆት ግሉ የማይሞቅ ቦታ ላይ ይሰራል፣ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ሚያስተካክለው፣ ሚሞቀው እቃ) አጠገብ ግን ይለሰልስና ይለቃል።

የአይሲ (ባለ ብዙ እግሩ ቺፕ) እግር ከስሩ ከተሰበረ ወዲያው አትጣሉት፣ ፕላስቲኩን በቀጭን ሞረድ ቀስ እያላችሁ ብትሞርዱት ውስጥ ያለው ብረት ብቅ ይላል፣ እዛ ላይ ቀጭን ሽቦ ይበየዳል። ብዙ ፓድ አንዴ ከጠፋ ደግሞ አይሲውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ቦርዱ ላይ አጣብቁትና ከየእግሩ ሽቦ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ሲገለበጥ የፒኖቹ ቅደም ተከተል በተቃራኒ እንደሚዞር ብቻ አትርሱ፣ ፒን 1ን በማርከር ምልክት አድርጉበት።

የተቃጠለ ቦርድ ሌላ ጣጣ አለው። ጥቁሩ ነገር ካርቦን ነው፣ ካርቦን ደግሞ ከረንት ያስተላልፋል፣ ላዩ ላይ ጃምፐር ብትዘረጉ እንደገና ይቃጠላል። ንጹህ ፋይበር ግላስ እስኪታይ ፍቃችሁ አውጡ፣ ጉድጓዱን በኢፖክሲ ሙሉት፣ ከዛ ነው ሽቦ። የአልካላይን ባትሪ ፈሶበት አረንጓዴ የሆነውን በጥጥ ኮምጣጤ አስነክታችሁ ጥረጉ፣ በትንሽ ውሃ፣ ከዛ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱና በደንብ ይድረቅ።

ጃምፐር ማይደረግባቸው ቦታዎች አሉ፣ እዚ ላይ ቀልድ የለም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትንና ዝቅተኛውን ጎን ሚለየውን ባዶ ክፍተት በሽቦ አታቋርጡ። ፊውዝን በሽቦ አትተኩ። የሊቲየም ባትሪ መከላከያ ቦርድን በሽቦ አትዝለሉ፣ እሳት ነው። የዩኤስቢ ዳታ መስመሮች ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም ሽቦ አጭር፣ እኩልና ጎን ለጎን አድርጉ፣ አለበለዚያ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም።

ከጨረሳችሁ ፍላክሱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ፣ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢፕ ማለቱን፣ ከጎረቤት ፒኖች ጋር ደግሞ ቢፕ አለማለቱን አረጋግጡ። ቢፕ እያለ ሽቦውን በእንጨት ስንጥር ነካ ነካ አድርጉት፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ብየዳው አልያዘም። ከረንቱን መገደብ ሚቻል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ በትንሹ ጀምራችሁ አብሩት። እጃችሁን ታጠቡ፣ ሊድ ነው። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ ፎቶ አንሱ፣ ሽቦው ከየት ወዴት እንደሄደ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከክዳኑ ውስጥ በቴፕ ለጥፉ፣ ቀጥሎ ሚከፍተው ሰው ሌላም ሊሆን ይችላል።