ደረሰኙን ሳትይዙ ከፖስታ ቤቱ መስኮት አትራቁ

ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶችን እጠግናለሁ። ሥራው ሲያልቅ በፖስታ ለባለቤቶቻቸው እመልሳለሁ። ስለዚህ የሥራዬ ግማሽ በካቻቢቴ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በካርቶንና በፕላስተር።

ከዓመታት በፊት አንድ ሌንስ ጠፋብኝ። የላከልኝ ሰው ከአባቱ የወረሰው ነበር። የአድራሻውን ሌብል ቤቴ ሆኜ ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ አተምኩ፣ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ። ፖስታ ቤት ስደርስ ወረፋው ረጅም ነበር። ጥቅሉን በማስገቢያው ሳጥን ውስጥ ጨምሬ ሄድኩ። የመከታተያ ቁጥሩ እጄ ላይ ስላለ ምንም አልሰጋሁም።

በማግስቱ ቁጥሩን ሳስገባ "የላኪው መረጃ ደርሶናል" ይላል። በሳምንቱም ያው ነው። በወሩም ያው። ደውዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ ጥቅሉን እንደተረከቡ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። እኔም ማሳየት አልቻልኩም። የሌንሱን ዋጋ ለባለቤቱ ከኪሴ ከፈልኩ። የአባቱን ሌንስ ግን በምን ልተካው? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እኔ በተሳሳትኩበት ቦታ ነው። የመከታተያ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሌብሉን ስታዘጋጁ ነው። ጥቅሉ ገና ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ ምስክር የሚሆነው አንድ ሠራተኛ ጥቅሉን በእጁ ይዞ ስካን ካደረገ በኋላ ነው። ያንን ቅጽበት በወረቀት የሚይዝላችሁ የመረከቢያ ደረሰኝ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የከፈላችሁበት ደረሰኝና የመረከቢያ ደረሰኝ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት አይደሉም። በኢንተርኔት ስትከፍሉ የሚላክላችሁ ማስረጃ ገንዘብ መክፈላችሁን ብቻ ይናገራል። መስኮት ላይ የከፈላችሁበትም ቢሆን የመከታተያ ቁጥሩ ካልተጻፈበት የትኛውን ጥቅል እንደላካችሁ አይናገርም። ስለዚህ ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ቀኑ አለ? የቢሮው ስም ወይም ማህተም አለ? ቁጥሩ ሌብሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? መድረሻው ተጽፏል? ክብደቱስ?

ክብደቱ ላይ ልቆይ፤ ሰው ችላ የሚለው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ተቀባዬ "ካርቶኑ ደርሷል፣ ውስጡ ግን ጋዜጣ ብቻ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ደነገጥኩ። እውነት ለመናገር እሱንም ለአፍታ ጠረጠርኩት። ደረሰኜን አውጥቼ ሳይ 1.24 ኪሎ ይላል። ካርቶኑን ሳይጥል ከነጋዜጣው ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥልኝና ፎቶ እንዲያነሳው ለመንኩት። 0.41 ኪሎ ሆነ። በአንድ በኩል ያለው ፕላስተርም የእኔ አልነበረም። በጉዞ ላይ ተከፍቷል ማለት ነው። ደረሰኙን፣ የሚዛኑን ፎቶና የፕላስተሩን ፎቶ አያይዤ አመለከትኩ። ካሳው ተከፈለኝ። ክብደቱ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ይዤ ቢሆን ኖሮ የእኔ ቃልና የተቀባዩ ቃል ብቻ ይቀሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ሳልወጣ ጥቅሉን እመዝናለሁ። ዕቃውን ከመለያ ቁጥሩ ጋር፣ ካርቶኑ ሳይዘጋ ከነውስጡ፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሌብሉ በግልጽ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌብሉን ቤት አትማችሁ ከሄዳችሁ መስኮት ላይ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ጥቅሉን ተቀብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ክፍያው ስላለቀ የሚሰጣችሁ ነገር ያለ አይመስለውም። በትህትና ግን በግልጽ ጠይቁ፦ "እባክዎ ስካን አድርገው የመረከቢያ ደረሰኝ ይስጡኝ፤ ክብደቱም ይጻፍበት።" ብዙ ቦታ ይህ ደረሰኝ ካልተጠየቀ አይሰጥም። "ማታ አንድ ላይ ስካን ይደረጋል" ከተባላችሁ ቢያንስ ቁጥሩ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ማህተም እንዲመታላችሁ ለምኑ። እሱም ካልሆነ ዋጋ ያለውን ዕቃ ይዤ ወደ ሌላ ቢሮ እሄዳለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እንጂ ደረሰኙን አልተውም።

ብዙ ጥቅል በአንድ ጊዜ የምትልኩ ከሆነ ዝርዝር አዘጋጁ። በየመስመሩ ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ስምና ክብደቱን ጻፉ፤ ከታች ጠቅላላ ብዛቱን። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ተቆጥሮና ማህተም ተመትቶበት ወደ እናንተ ይመለስ። ጥቅሉን ከቤት የሚወስድ አመላላሽ ሲመጣም ያንኑ ዝርዝር አስፈርሙ። ስካን ሳያደርግ ይዞ እንዳይሄድ። የማስገቢያ ሳጥን ግን ደረሰኝ የሚያትም ካልሆነ ለውድ ዕቃ አይሆንም።

ወደ ውጭ አገር በፖስታ ስትልኩ ቁጥሩን ማንበብ ይጠቅማል። በ1874 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ያወጣው ደንብ አለ፤ ቁጥሩ 13 ቦታ አለው። ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። የመጀመሪያው ፊደል የአገልግሎቱን ዓይነት ይናገራል፦ "አር" የአደራ መልእክት፣ "ቪ" ዋስትና የተገባለት፣ "ሲ" ጥቅል፣ "ኢ" ደግሞ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን የፖስታ አገልግሎት ነው። ዋስትና ያለው አገልግሎት ጠይቃችሁ ስቲከሩ በ"አር" ከጀመረ እዚያው ጠይቁ። ዘጠነኛው አኃዝ ከስምንቱ ተሰልቶ የሚገኝ መፈተሻ ነው። አንዷን አኃዝ ብትስቱ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይመጣም። የአገር ውስጥ አገልግሎቶችና የግል አመላላሾች የየራሳቸው አጻጻፍ አላቸው።

ደረሰኙ ጥቅሉን ማስረከባችሁን ያረጋግጣል፤ ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን አያረጋግጥም። ዋስትና ካልገባችሁ ካሳው በአገልግሎቱ ጣሪያ ይወሰናል፤ ውድ ለሆነ ዕቃ ያ ጣሪያ ዝቅተኛ ነው። ወርቅ፣ ጌጣጌጥና የባንክ ኖትማ በመርሕ ደረጃ ዋስትና በሌለው መልእክት ውስጥ አይገቡም። የሽያጭ ደረሰኝ ወይም የጥገና ሒሳብ አብራችሁ አስቀምጡ። የጉምሩክ ቅጹን፣ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23 የሚባለውን፣ ሳትሰጡ በፊት ፎቶ አንሱት። ተቀባዩ ቀረጥ እንዳይበዛበት ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ የሞላችሁ እንደሆነ ኋላ በሙሉ ዋጋ ካሳ መጠየቅ አትችሉም። ዝቅ አድርግልኝ የሚሉኝ አሉ፤ አላደርገውም።

ደረሰኙ የሚታተምበት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የሚሠራ ዓይነት ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና የፕላስቲክ ማቀፊያ ጽሑፉን ያጠፉታል። መኪና ውስጥ የተውኩት አንድ ደረሰኝ በሁለት ወር ነጭ ወረቀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሁን ከመስኮቱ ዞር እንዳልኩ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ የፋይሉን ስም በመከታተያ ቁጥሩ እሰይመዋለሁ። ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ቀኑም ዝም ብሎ ቀን አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ የጠፋ የአደራ መልእክት ወይም ጥቅል እንዲፈለግ የሚጠየቀው፣ ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በሚቆጠር 6 ወር ውስጥ ነው። የአገር ውስጥና የግል አመላላሾች የጊዜ ገደብ ከዚህ ሊያጥር ይችላል፤ ሳትልኩ አንብቡት። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ላኪው ስለሆነ ተቀባዩ እንዲያጣራላችሁ አትጠብቁ።

እኔ በላክሁበት ማታ የደረሰኙን ፎቶ ለተቀባዩ እልክለታለሁ። ካርቶኑ ተቀዶ ወይም ሌላ ፕላስተር ተለጥፎበት ከመጣ ሳይከፍት ፎቶ እንዲያነሳው አብሬ እጽፍለታለሁ። ድረ ገጹ "ለተቀባይ ተሰጥቷል" ሲል ወረቀቱን አልጥልም። ሰውየው ከፍቶ፣ ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጥሞ፣ "ደረሰኝ፣ ይሠራል" ብሎ እስኪጽፍልኝ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆያል።