ኤርሶፍት ጠመንጃ እንዴት ይጸዳል? የምንሽሩን ዘይት ተውት

አባቴ ምንሽሩን ሲወለውል እያየሁ ነው ጎንደር ያደግኩት። የአጎቴ ልጅ ኤርሶፍቱን ሲያመጣልኝም እጄ ቀጥታ ወደ ስፌት መኪና ዘይት ሄደ። በርሜሉን ጥሩ አድርጌ ቀባሁት። በሳምንቱ ጥይቷ አሥር ሜትር እንኳ ሳትሄድ መሬት ትወድቅ ጀመር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤርሶፍት የመጫወቻ ጠመንጃ ነው፤ ባሩድ የለውም። የእኔ ዓይነቱ በባትሪ ሞተር ሞላ ስቦ ይለቅና፣ በአየር ግፊት 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ድቡልቡል ይተፋል። በበርሜሉ ኋላ ጫፍ ሆፕአፕ የሚሏት ትንሽ ጎማ አለች። ጥይቷን ከላይ ነክታ ወደ ኋላ እያሾረች ስለምትለቃት ነው ርቃ የምትሄደው። ጎማዋ የስፌት መኪና ዘይት ከነካት ታሟልጫለች፣ ስትቆይም ታብጣለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ አንድ ሁለቴ ቃታውን ሳቡ። ውስጥ የቀረች ካለች ትወጣለች። ከዚያ ባትሪውን ንቀሉ።

የሆፕአፑን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አላሉት። ከጠመንጃው ጋር በሚመጣው የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ስስ ደረቅ ጨርቅ ጠምጥሙና በአፈሙዙ በኩል አስገቡ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙ። በርሜሉ ከጥይቷ የሚሰፋው በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የጎንደር የበጋ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ! ከመሬት የለቀማችሁትን ጥይት መልሳችሁ አታጉርሱ። የግድ ቅባት ካስፈለገ ሲሊኮን ዘይት፣ እሱም አንድ ጠብታ።

ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ሰደፉ አለመሰንጠቁን እዩ። ባትሪው ካበጠ ቻርጅ አታድርጉት። ደህናውንም ቢሆን ሌሊት መብራት ይመጣል ብላችሁ ሶኬት ላይ ሰክታችሁት አትተኙ።

አሁን ሙከራ። ግቢ ውስጥ ከሆነ ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። ፒያሳ ይዞ መውጣት ግን አይታሰብም፤ ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው መጫወቻ ነው ብሎ አይገምትም። መጫወቻ መሆኑን የሚያሳይ ብርቱካናማ ጫፍ ካለውም ቀለም አትቀቡት።

ካርቶን 10 ሜትር ላይ አቁሙና አሥር ተኩሱ። ጥይቷ ወደ ላይ ከተነሳች ሆፕአፑን አላሉ። ቶሎ ከወደቀች በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። አሁንም ወዲያና ወዲህ ከበተነ ጎማዋ አልቃለች፣ ቀይሯት። እኔም የቀየርኩት ለዚሁ ነው። አባቴ ስሠራ ቆሞ አየኝና አንስቶ በእጁ መዘነው። «ሰደፉም ፕላስቲክ ነው?» አለና መለሰልኝ።