የተመራቂ ፕሮፋይልን በሥራ ማሳየት፦ በወሎ ለሚማሩ የአርክቴክቸር ተማሪዎች

በአርክቴክቸር ሥርዓተ ትምህርት ሰነድ ውስጥ «የተመራቂ ፕሮፋይል» የሚባል ክፍል አለ። ተመራቂው ምን እንደሚያውቅና ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝረው ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ ነው፤ እኔ ግን ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቅጂውን በእጁ ሊይዘው ይገባል እላለሁ። ከትምህርት ክፍላችሁ ጠይቃችሁ ውሰዱትና የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ግስ ተመልከቱ። «ይረዳል» የሚለውና «ይችላል» የሚለው አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የአርክቴክቸር ትምህርት እውቅና ሰጪ ቦርድም በ2020 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ በሕግና በሙያ አሠራር ረገድ መረዳትን፣ ንድፍን ከቦታው፣ ከሕጉና ከሕንፃው ሥርዓቶች ጋር በማዋሐድ ረገድ ግን መቻልን ይጠይቃል። የተረዳችሁትን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሊለካው ይችላል። የምትችሉትን የሚያሳየው የሠራችሁት ሥራ ስለሆነ፣ በአንድ ደብተር ላይ «ይችላል» የሚሉትን መስመሮች ብቻ ገልብጣችሁ በየመስመሩ አንጻር ማስረጃ የሚሆነውን ሥራ ጻፉ።

ማስረጃውን ለማግኘት ከደሴ የተሻለ የመለማመጃ ቦታ አላውቅም። ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ቦታ ምረጡና ራሳችሁ ለኩት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ፣ አንዳችሁ ከላይ አንዳችሁ ከታች ሆናችሁ፣ በየ5 ሜትሩ እየተሻገራችሁ የከፍታውን ልዩነት መዝግቡ። ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ 15 በመቶ ቢያዘቀዝቅ ልዩነቱ 3 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የአንድ ፎቅ ቁመት ነው። ይህንን ከፍታ አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ራምፕ፣ ማለትም በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ያለ ደረጃ በተዘጋጀ ተዳፋት መውጫ፣ ልውጣ ያለ ሰው ማረፊያዎቹን ሳይጨምር 36 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ቦታው ግን 20 ሜትር ነው።

በአንድ የስቱዲዮ ግምገማ ላይ አንዲት ተማሪ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያረፈ ክሊኒክ በሚያምር ሬንደር (ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚመስለውን በሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል) አቀረበች፤ ሴክሽኑ (ሕንፃውና መሬቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጠው የሚታዩበት ሥዕል) ግን መሬቱን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ አድርጎት ነበር። የክረምቱ ጎርፍ ከላይ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ስትጠየቅ መልስ አጣች። በሳምንቱ ቦታውን ለክታ ተመለሰች፦ ከላይኛው መንገድ ወደ ሁለተኛው ወለል፣ ከታችኛው መንገድ ወደ ምድር ቤቱ የሚያስገቡ ሁለት በሮች አወጣች፤ ከመደገፊያው ግንብ ጀርባም የውሃ መውረጃ ቦይ ሣለች። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ታካሚ ያለ ረጅም ራምፕ ሁለቱንም ወለል የሚያገኝበት መፍትሔ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዘዘው በዚያች ሴክሽን ላይ ተነበበ፤ በአንድ ሉህ ብቻ ቦታን መረዳትን፣ ሕግን ማክበርንና ንድፍን ማዋሐድን አሳየች። ሁለቱንም ሉሆች፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ በፖርትፎሊዮዋ፣ ለአሠሪ በምታሳየው የሥራዎቿ ስብስብ፣ እንድታኖር መክሬያታለሁ፤ ምክንያቱም አሠሪ ማወቅ የሚፈልገው ከስህተት እንዴት እንደምትወጡ ነው።

ከመዋቅር መሐንዲስ ጋር መሥራትም በፕሮፋይሉ ከሚጠበቁት ችሎታዎች አንዱ ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ግን ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ከታች በዓምዶች ብቻ የቆመ ክፍት ሱቅ፣ ከላይ ደግሞ በብሎኬት የተከፋፈሉ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ስትነድፉ፣ ምድር ቤቱ ከላዩ ይልቅ ልል ስለሚሆን የመሬት መንቀጥቀጡ ጉዳቱን እዚያ ያከማቻል። ስለዚህ ዓምዶቹን ካስቀመጣችሁ በኋላ ሳይሆን ገና ንድፉ በእርሳስ ላይ ሳለ መሐንዲስ አማክሩ፤ ምን እንደጠየቃችሁ፣ ምን እንደተመለሰላችሁና በፕላኑ ላይ ምን እንደለወጣችሁ በቀኑ መዝግቡ።

የአየር ጠባይን በተመለከተ አንዱን የመኖሪያ ቤት ፕላን ለደሴም ለኮምቦልቻም ሥሩት፤ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚለያዩ የመስኮቱ ስፋትና የጥላው ነገር ራሱ ይለወጣል። ታሪክን ለሚመለከተው መስመር ደግሞ ከተቻለ ወደ ላስታ ሄዳችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በእጃችሁ ሣሉ። እንጨቱና ድንጋዩ በየረድፉ እንዴት እንደሚፈራረቁ ስትሥሉ ግድግዳው እንዴት እንደተያያዘ ትረዳላችሁ፤ ፎቶግራፍ ይህንን አያስተምርም።

በኢንተርንሽፕ ወቅት ቢሮ ውስጥ ብቻ አትቀመጡ። የሣላችሁትን ደረጃ ፎርማኑ እንዴት እንዳነበበው ጠይቁ፤ 3.06 ሜትር ቁመት በ17 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 18 እርከን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ማስላት ቀላል ነው፣ የወለሉ ንጣፍ ውፍረት ሳይታሰብ ቀርቶ የመጀመሪያው እርከን ሲያጥር ግን የሚታየው ሳይት ላይ ነው።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ደብተሩን ክፈቱና የትኛው መስመር ባዶ እንደቀረ እዩ። ባዶውን መስመር ይዛችሁ ቀጣዩ ስቱዲዮ ከመጀመሩ በፊት መምህራችሁ ዘንድ ሂዱ፤ የፕሮጀክቱ ርዕስ ከመጽደቁ በፊት ከሆነ ያንን ችሎታ የሚጠይቅ ቦታ ወይም የሕንፃ ዓይነት አብራችሁ ለመምረጥ ጊዜ ይኖራችኋል።