ፖርት አንጀለስ ቤት ልትከራዩ ካሰባችሁ በዝናብ ቀን ሂዱና እዩት

ከሲያትል ወጥታችሁ ባህር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ መኖር የምትፈልጉ ልጆች ስለ ፖርት አንጀለስ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። አሁን ያለሁበት ሁለተኛ ቤቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሞልቶበት አይቼው እዛው ፈረምኩ፣ ታህሳስ ሲገባ ቁምሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ነጠላዬ ሻግቶ አገኘሁት። እዚህ ቤት የሚመረጠው በእርጥበቱ ነው፣ በመልኩ አይደለም፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

ከተማዋ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ያለች ወደ 20 ሺህ ሰው ናት፣ ፊቷ ባህር ነው፣ ማዶው ካናዳ፣ ጀርባዋ ደግሞ የኦሎምፒክ ተራራና ደኑ። የአየሩን ነገር ካልተረዳችሁ ቤት መምረጥ አትችሉም። ተራራው ዝናቡን ይከለክላል፣ ከተራራው ወዲያ በምዕራብ በኩል ያለው የሆህ ደን በአመት 3 ሜትር ተኩል ገደማ ይዘንብበታል፣ እዛው በኩል ያለችው ፎርክስ ከተማም የአዲስ አበባን እጥፍ በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ ፖርት አንጀለስ ግን ጥላው ውስጥ ስለሆነች በጣም ያነሰ ነው፣ ወደ ምስራቅ ስኩዊም ስትሄዱ ደግሞ ጭራሽ ደረቅ ይላል። ስለዚህ ርካሽ ነው ብላችሁ ወደ ምዕራብ በራቃችሁ ቁጥር ዝናብ እየገዛችሁ ነው። ደግሞ ወቅቱ ከኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ነው፣ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው።

ለዚህ ነው በዝናብ ቀን እዩ የምለው። ጥቅሙ ብዙ ነው፣ በደረቁ ወራት ብዙ ቤት ለቱሪስት በቀን ስለሚከራይ ለነዋሪ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ከመስከረም በኋላ ግን ይለቃል። ብቻ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) መቼ እንደሚያልቅ አንብቡ፣ አንዳንዱ አከራይ ለዝናቡ ወራት ብቻ ሰጥቶ ግንቦት ላይ ውጡልኝ ይላል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ይሄ በጣም ይጎዳዋል።

ቤት ፍለጋው ኦንላይን ብቻ አያልቅም። ትንሽ ከተማ ስለሆነ ብዙ ቤት ሰው ለሰው ነው የሚያልፈው፣ ስራ ቦታ ተናገሩ፣ ግሮሰሪ ውስጥ የሚለጠፈውን ወረቀት እዩ፣ ቤት የሚያስተዳድሩት ቢሮዎች ጋ በአካል ሄዳችሁ ስማችሁን ተዉ። ቤቱን ሳያሳያችሁ ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) በስልክ ላክ የሚላችሁን ግን ወዲያው ተዉት፣ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

እሺ ቤቱ ውስጥ ገባችሁ እንበል። መጀመሪያ አሽትቱ፣ በተለይ ውጪውን ግድግዳ የተጠጋ ቁምሳጥን ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡ፣ ሻጋታ በቀለም ይሸፈናል ሽታው ግን አይደበቅም። የመስኮቱን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። መታጠቢያ ቤት ያለውን ፋን አብሩና ሶፍት አስጠጉለት፣ ሶፍቱን ካልሳበው ፋኑ ጩኸት ብቻ ነው። ከዛ ውጡና ጣሪያውን እዩ፣ ወፍራም አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ካለው እና አሸንዳው በጥድ ቅጠል ከተደፈነ ውሃው የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። ቤቱ ላይ ያዘነበለ ትልቅ ዛፍ ካለም ጠይቁ፣ ህዳር ላይ ንፋሱ ሲነሳ ዛፍ ይወድቃል መብራትም ይጠፋል፣ ከከተማ ውጪ ውሃው ከጉድጓድ በፓምፕ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

ማሞቂያውስ? ግድግዳ ስር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሂተር ከሆነ ያለፈውን ጥር የመብራት ቢል አሳዩኝ በሉ፣ ሬንቱ ቢረክስም የመብራቱ ክፍያ ልዩነቱን ሊበላው ይችላል። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም መብራት የሚቆጥብ ማሞቂያ፣ ካለው ጥሩ ነው። የእንጨት ምድጃ ከሆነ ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ እና እንጨቱን ማን እንደሚገዛ ጠይቁ።

እኛ ብቻ የምንጠይቀው ጥያቄም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ሀይል ይጎትታል፣ አሮጌ ቤት ከሆነ ማሞቂያው እና ኪችኑ አንድ መስመር ላይ ሆነው እንጀራው ምጣዱ ላይ እያለ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ የኪችኑ ሶኬት ለብቻው መሆኑን አረጋግጡ። እንፋሎቱም ቀላል አይደለም፣ ግማሽ ቀን እንጀራ ስትጋግሩ መስኮቱ ሁሉ ያልበዋል፣ ከምድጃው በላይ ያለው ፋን አየሩን ወደ ውጪ የሚያወጣ ነው ወይስ እዛው የሚመልሰው ብላችሁ ጠይቁ። ቡና ለመቁላትም እሱ ነው የሚያድናችሁ፣ አለበለዚያ የጭስ አላርሙ ጎረቤት ይጠራል።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ የዋሽንግተን ስቴት ህግ ተከራይን በደንብ ይጠብቃል፣ ግን የሚጠብቀው የጻፈን ሰው ነው። አከራዩ ዲፖዚት ለመቀበል የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝር ቼክሊስት በጽሁፍ ሰጥቷችሁ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ። አትቸኩሉ፣ እያንዳንዱን እድፍ ጻፉ፣ የጣሪያ ጠብታ፣ የተሰነጠቀ ሰድር፣ ምንጣፉ ላይ ያለ ሁሉ፣ ቪዲዮም ቅረጹ። እኔ የመጀመሪያው ቤት ላይ ተሳቀቅኩና አከራይዋን አሮጊት እንዳላስቀይም ብዬ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ፣ ስወጣ ሻጋታው በኔ ተቆጠረ። ይሉኝታ እዚህ ላይ ገንዘብ ያስከፍላል። ስለ ሻጋታ ጉዳት መረጃ የመስጠትም ግዴታ አለባቸው፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

ዲፖዚቱ ከበዳችሁ በጽሁፍ ጠይቃችሁ ከፋፍላችሁ መክፈል ትችላላችሁ፣ ሊዙ 3 ወር እና ከዛ በላይ ከሆነ በ3 ወር። ብልሽት ሲኖር በስልክ አትናገሩ፣ ጻፉ፣ ማሞቂያ ወይ ውሃ ወይ መብራት ከጠፋ አከራዩ ጽሁፉ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ስራ መጀመር አለበት፣ ፍሪጅና ምድጃ በ72 ሰዓት፣ ሌላው በ10 ቀን። ሬንታችሁን ግን በሰዓቱ እየከፈላችሁ መሆን አለበት። ጭማሪን በተመለከተ ከ2025 ጀምሮ በአብዛኛው ቤት ላይ የመጀመሪያውን 12 ወር መጨመር አይቻልም፣ ከዛም በአመት ከ10 ፐርሰንት አይበልጥም፣ የ90 ቀን ማስታወቂያም ያስፈልገዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ወደቡ ጋ ያለው ዝቅ ያለ ሰፈር እይታው ያምራል ግን የሱናሚ ካርታው ላይ የት እንደሆነ እዩ፣ በ1700 ከዚህ ዳርቻ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሞገድ ጃፓን ድረስ ደርሷል። ልጆች ካሏችሁ እላይ ገደሉ ላይ ያለውን ሰፈር ምረጡ። ሲያትል መመላለስ ያለበት ሰው ደግሞ የሁድ ካናል ድልድይ በንፋስ ወይም መርከብ ሲያልፍ እንደሚዘጋ ያስብበት፣ ወደ ሲያትል የሚያሻግረው ፌሪ (መርከብ) ያመልጣል፣ ቀጠሮ ካላችሁ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ውጡ። ጤፍና በርበሬም ሲያትል ስትሄዱ ነው የምትይዙት፣ ዱቄቱን በሚከደን ባልዲ አስቀምጡት፣ እርጥበቱ ያበላሸዋል።

ስትለቁ፣ ሊዝ ሳይኖር በወር በወር የምትከፍሉ ከሆነ ወሩ ከማለቁ ቢያንስ 20 ቀን ቀድማችሁ በጽሁፍ አሳውቁ፣ አዲሱን አድራሻችሁን ተዉ፣ ያንን ቼክሊስት ይዛችሁ ክፍል በክፍል እንደገና ቅረጹ። አከራዩ ዲፖዚቱን ወይም ለምን እንደቆረጠ የሚገልጽ ዝርዝር በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት።