ሆርን ሣጥን አይደለም፦ ስፒከር በቤታችሁ ስትሠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እረኛ ማዶ ያለውን ጓደኛውን ሲጣራ ሁለት እጁን አፉ ዙሪያ ያደርጋል። ጉሮሮው አዲስ ጉልበት አላገኘም። ድምፁ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ይደርሳል፤ እጁ አየሩን ሰብስቦ መንገድ ሰጥቶታልና። ሆርን ስፒከርም የሚሠራው በዚሁ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ኋላ ሆርን ነው። የስፒከሩ ፊት በቀጥታ ወደ እኛ ይጫወታል። ጀርባው የሚገፋው አየር ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ በታጠፈ መተላለፊያ ይጓዛል። መተላለፊያው ጉሮሮው ጋ ጠባብ ነው፤ ቀስ እያለ እየሰፋ ሄዶ በአፉ ይወጣል። ቤዙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጎንደር፣ ማራኪ ባለው ቤታችን ሁለት ጥንድ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን አፍርሼዋለሁ። ሁለተኛው ሳሎን ቆሟል፤ መሰንቆ ስከፍትበት የጭራው መፋተግ ሳይቀር ይሰማኛል። በሁለቱ መካከል የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር የምንሠራው ሣጥን ሳይሆን የአየር መንገድ መሆኑን ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ስፒከሩን ገዝቶ ፕላን መፈለግ

ፒያሳ ወይም አራዳ ወርዳችሁ ትልቅ ማግኔት ያለው የመኪና ቤዝ ታያላችሁ። ዋጋው ደህና ነው፣ ያምራል፣ ትገዛላችሁ። ከዚያ ሆርን ፕላን ፍለጋ ትጀምራላችሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሌሎች ሠርተው የሰሙት ፕላን ምረጡ፤ ከዚያ ፕላኑ ራሱ በስም የሚጠራውን ስፒከር ግዙ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ሆርን የሚፈልገው ወረቀቱ (ፊቱ ላይ የሚርገበገበው ክፍል) ቀላል፣ ማግኔቱ ጠንካራ የሆነ ስፒከር ነው። ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ ኪውቲኤስ (Qts) የሚባል፣ የስፒከሩ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ለኋላ ሆርን የሚስማማው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ነው። የመኪና ቤዝ ወረቀቱ ከባድ ነው፤ የተሠራውም ለሌላ ዓይነት ሣጥን ነው። ሆርን ውስጥ ስታስገቡት ቤዙ ይንቦጫረቃል እንጂ አይመታም። ይህ ቁጥር ጨርሶ ያልተጻፈበትን ስፒከር ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው ብሎ ፕላኑን ማሳነስ

ይህን ስህተት በጣም እረዳዋለሁ። ጣውላ ውድ ነው፤ ሳሎን ደግሞ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ረከቦቱ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ግን የአየር መንገዱ ርዝመትና ስፋት የሚወሰነው በድምፅ ሞገድ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ50 ኸርትዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ቤዝ አንዱ ሞገድ ወደ 6.9 ሜትር ይደርሳል። በሆርን አሠራር ሕግ ከሄድን የሆርኑ አፍ ዙሪያ ያን ያህል መሆን አለበት። ክብ ቢሆን ዲያሜትሩ ከ2 ሜትር ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማን ቤት ይገባል?

መፍትሔው ማዕዘኑ ነው። ሆርኑን ወለሉና ሁለት ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ ብታስቀምጡት ግድግዳዎቹ ራሳቸው የሆርኑ ቀጣይ ይሆናሉ። የአፉ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ከ3.7 ካሬ ሜትር ወደ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ ከ1946 ጀምሮ በስሙ የሸጠው ትልቁ ሆርን የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ስለዚህ ቦታ ካጠራችሁ ለጥግ የተሳለ ፕላን ፈልጉ እንጂ ሌላውን በግማሽ አትቀንሱት። ልኩን ሁሉ በግማሽ ብትቀንሱ 50 ላይ ይጀምር የነበረው ቤዝ 100 ላይ ይጀምራል። የከበሮውን ሆድ ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ «ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ልኩ አይለወጥም?» ብሎ ጠይቆኛል። አይለወጥም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ከፍታው አይደለም።

«18 ሚሊ ነው» የሚለውን ማመን

ለዚህ ሥራ ጥሩ ኮምፖርሳቶ ይሻላል፤ ቺፑድ ጠርዙ ይረግፋል፣ ብሎንም አይይዝም። ነገር ግን 18 ሚሊ ተብሎ የተሸጠላችሁን ጣውላ በካሊፐር ለኩት። የእኔ አንዱ 17 ሆኖ ተገኘ። አንድ ሚሊ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። የታጠፈ ሆርን ውስጥ አምስት ስድስት ጣውላ ይደራረባል፤ ስህተቱም አብሮ ይደመራል። ጉሮሮው ጋ ደግሞ ግማሽ ሳንቲም ብዙ ነው። ለኩና ፕላኑን አርሙ፣ ከዚያ አስቆርጡ። ሁሉንም የውስጥ ጣውላ በአንድ ቀን፣ የማሽኑ ልክ ሳይቀየር አስቆርጡ። በእጅ መጋዝ አትሞክሩት።

ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) የምትጠቀሙ ከሆነ ስትቆርጡም ስታለሰልሱም አፍና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ፤ ሥራውንም ደጅ አድርጉት። ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን እንደ ቀላል አትዩት።

ቀዳዳውን በዓይን መፈለግ

አየር ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ካገኘ መንገዱን ትቶ በዚያ ይወጣል። ሆርን ውስጥ አንዱ መታጠፊያ ከሌላው ጋር በስንጥቅ ከተገናኘ ቤዙ ይሞታል፤ አንዳንዴም ያፏጫል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ኮላ ከመቀባቴ በፊት ጣውላዎቹን በደረቁ አቆማለሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ ጉሮሮው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጎኑን ከድኜ በሞርሳ አስራለሁ። ማታ መብራት አጥፍቼ ዙሪያውን አያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ከአንዱ ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ወጥቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ቀን ላይ በጣቴ ዳብሼ ምንም ያላገኘሁበት ቦታ ነበር።

ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰንደል አብሩ። ሌላ ሰው የስፒከሩን ወረቀት በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ገፋ መለስ ያድርግ። እናንተ ጢሱን በመገጣጠሚያዎቹ አጠገብ አሳልፉት። ጢሱ ከተንቀጠቀጠ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ።

አንዱን ጎን ግን በኮላ አትዝጉት። በብሎንና በስስ ስፖንጅ እሰሩት። ከስፒከሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል የበግ ፀጉር ይገባል፤ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት ጨምራችሁ ቀንሳችሁ በመስማት ብቻ ነው። ፀጉሩን በደንብ አጥባችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ብል ይገባበታል። መተላለፊያውን ግን አትጠቅጥቁት። እዚያ አየር እንጂ ሌላ ነገር አይኑር።

ልባጡን በክረምት ማልበስ

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ቬኒር የሚባለው ስስ የእንጨት ልባጥ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 0.6 ሚሊ ገደማ ነው። በደንብ ከተሠራ ኮምፖርሳቶውን ሙሉ ዋንዛ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው ድካሙን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የመጀመሪያ ጥንዴን ያለበስኩት በነሐሴ ነው። ዝናቡ አያባራም ነበር። የዋንዛ ልባጡ ለሦስት ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ስለጥፈው እንደ ጨርቅ ተለጠፈልኝ፤ ለእንቁጣጣሽ ያየው ሁሉ አደነቀ። ጥር ላይ ለጥምቀት እንግዶች ሲመጡ ግን ከላይ እስከ ታች ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ጥፍር ያስገባል። ሠፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጥፍራቸውን በስንጥቁ አስኪደው «ልጄ፣ ክረምት ሲጠጣ ከርሞ በጋ ሲጠማ ነው እኮ» አሉኝ።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ጎንደር ደግሞ ክረምቷና በጋዋ በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ልባጡን በኅዳርና በየካቲት መካከል አልብሱ። ከዚያ በፊት ስፒከሩ በሚቆምበት ክፍል፣ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ መሐል፣ ክብደት ጭናችሁበት ሁለት ሳምንት አሳድሩት። ሣጥኑ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ማልበስም ይሻላል። ነጠላ ጣውላ በአንድ በኩል ብቻ ከለበሰ ኮላው ሲደርቅ ይጎብጣል።

ማስቲሽ ለመጠቀም ትፈተኑ ይሆናል፤ ፈጣን ነውና። ችግሩ ሁለት ነው። አንዴ ከነካ ማንቀሳቀስ የለም። ቀጥሎ ደግሞ ከላይ የምትቀቡት ቫርኒሽ ውስጥ ያለው ቲነር በእንጨቱ ቀዳዳ ገብቶ ማስቲሹን ያላላዋል፤ ልባጡም ያብጣል። እኔ ነጩን የእንጨት ኮላና የልብስ ካውያ እመርጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሣጥኑን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና አቧራውን ጥረጉ። ኮላውን ሣጥኑ ላይም ልባጡ ጀርባ ላይም በስሱ፣ እኩል አድርጋችሁ ቀቡ። ልባጡ ሲረጥብ ይጠቀለላል፤ ፊቱን በውኃ ትንሽ ብትረጩት ይረጋጋል። ነጭነቱ ጠፍቶ እስኪጠራና ጣት እስከማይዝ ድረስ ጠብቁ። በበጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከዚያ ልባጡን አስቀምጡና ውኃ በሌለው ካውያ፣ ለጥጥ ልብስ በምትጠቀሙት ሙቀት፣ ከመሐል ወደ ዳር ተኩሱት። ካውያው ባለፈበት በእንጨት ቁራጭ እስኪቀዘቅዝ ተጫኑት። የደረቀው ኮላ በሙቀቱ እንደገና ቀልጦ ይይዛል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ የተቀባው ኮላ በማግሥቱም በካውያ ይነቃል።

ሁለት ልባጥ የሚገናኝበት ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካውያው ልባጡን ያደርቀዋል፣ ሲደርቅም ይሸሻል። አፍ ለአፍ ገጥማችሁ ከተኮሳችሁት መሐሉ ይከፈታል። ስለዚህ ሁለት ሳንቲም አደራርቡት። ግራና ቀኙን ተኩሱ። ከዚያ ማስመሪያ አስደግፋችሁ በአዲስ ምላጭ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ ትርፉን ከላይም ከታችም አውጡና መገጣጠሚያውን ተኩሱ። ዳሩ ላይ አንድ ሳንቲም ትርፍ ተዉ። ጎኖቹን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የላዩን፣ ፊቱን በመጨረሻ አልብሱ። እንዲያ ሲሆን ከፊት ለፊት የሌላው ጠርዝ አይታይም።

ሲያልቅ በጥፍራችሁ እያንኳኳችሁ ዙሩት። የያዘው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ያልያዘው እንደ ደረቅ ቅል ይጮሃል። እዚያ ላይ ካውያውን መልሱ። እምቢ ካለ በእንጨቱ ሐረግ አቅጣጫ በምላጭ ሰንጥቁት፣ በሕክምና መርፌ ኮላ አስገቡና ተጫኑት።

ማለስለሻ ማሽን በፍጹም አታስጠጉ። 0.6 ሚሊ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። በእጃችሁ፣ በ180 ከዚያም በ240 ቁጥር፣ በሐረጉ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ።

ለቅባት የወጥ ቤት ዘይት የሚቀባ ሰው አይቻለሁ። አይደርቅም፤ አቧራ ይዞ ይቀራል። ተልባ ዘይት ይደርቃል፣ የዋንዛውንም መልክ ያወጣዋል። ነገር ግን ተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ ያለ ክብሪት ራሱን ያቃጥላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ጥሩ ሆርን፣ ልል ቤት

ጥጉ የሆርኑ ቀጣይ ነው ብያለሁ። እንግዲያው ጥጉ ጠንካራ መሆን አለበት። በር ያለበት ጥግ ጥግ አይደለም። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ስስ ኮምፖርሳቶ ከሆነ ቤዙ ያንቀጠቅጠዋል፤ የላላ የቆርቆሮ ሚስማርም አብሮ ይዘፍናል። እኛ ቤት አንድ ሳምንት ሙሉ ስፒከሩን ስጠረጥር ከርሜ የሚንጫረረው የቡፌው ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ናት ያገኘችው፤ እጇን ስታሳርፍበት ዝም አለ።

ትልቅ አምፕሊፋየር መግዛትም አያስፈልግም። በእኩል ዋት ከተለመደው የቤት ስፒከር በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚበልጥ ሆርን፣ ያኛው በ10 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ በ1 ዋት ያወጣል። ገንዘባችሁን ጣውላው ላይ አውሉት።

ሽቦ ከማሰራችሁ በፊት 1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ወስዳችሁ ፖዘቲቩን በፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን በኔጋቲቭ ለአፍታ ብቻ አስነኩ። የሁለቱም ስፒከር ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የአንዱን ሽቦ ገልብጡትና እንደገና ሞክሩ።